ድርቁ የማን ነው?
የሰማይ ጠባይና የሰው ኃላፊነት

ዝናብ ሲቀር ተጠያቂው ማን ነው? ይህ ለአባቶቻችን ጥያቄ አልነበረም። ሰማይ ከሰው ፈቃድና ከሰው ክንድ በላይ ነበርና ሰማይን የሚከስ ገበሬም፣ ክሱን ተቀብሎ የሚያይ ዳኛም አልነበረም። ዝናብ በቀረ ጊዜ ሰው ፊቱን ወደ ራሱ ይመልስ ነበር፤ ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፣ ሙስሊሙ ዱአ ያደርጋል፣ በወሎ ምድርም ሁለቱ ወገኖች ለአንድ ደመና በአንድ ልብ ምሕረት ይለምናሉ። በዚያ ልመና ውስጥ አንድ ትልቅ የሥነ ምግባር እምነት ነበረ፤ ይኸውም በሰው ሥራና በሰማይ ጠባይ መካከል ግንኙነት አለ የሚለው ነው።

በዘመናዊ ትምህርት ያለፍነው ደግሞ ይህን እምነት ከኋላ ቀር አስተሳሰብ ቆጥረን ተውነው። ደመና የሰውን ኃጢአት አያውቅም አልን። አሁን ግን ሳይንስ ራሱ በሌላ መንገድ ዞሮ መጥቶ የሰው ሥራና የሰማይ ጠባይ የተሳሰሩ መሆናቸውን እየነገረን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርሱም ከባድ ነው። በአባቶቻችን እምነት በደሉን የሠራውና ቅጣቱን የሚቀበለው ያው አንድ ሕዝብ ነበር። በዛሬው ዕውቀት ግን ጥፋቱን የሠራው አንዱ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከባለቤቱ የተለየውን ይህን ዕዳ ነው።

ስለ ሥነ ምግባር በጥቅሉ መናገር ቀላል ስለሆነ ጥያቄውን በአንድ ምድር ላይ እናቁመው። የወሎ ደጋ፣ ደላንታን፣ መቄትንና ለጋምቦን የመሰለው አገር፣ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ሰማይን ተስፋ የሚያደርግበት ምድር ነው። አንደኛው ተስፋ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግ ነው፤ ሁለተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ነው። ከኢትዮጵያ ጠቅላላ የእህል ምርት ውስጥ የበልጉ ድርሻ ከመቶ አሥር እጅ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህም በልግ በቀረ ጊዜ የአገሪቱ የምርት ሰንጠረዥ እምብዛም አይናወጥም። በደጋው ጫፍ ለሚኖረው ገበሬ ግን በልግ ጭማሪ አይደለም፤ ኑሮው ነው። የደጋው ክረምት ውኃው ማሳው ላይ የሚተኛ፣ ብርዱም የጠነከረ፣ መጨረሻውም ውርጭ በመሆኑ ብዙው ገበሬ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ዝናብ ነው። ዝቅ ብሎ በራያና በቆቦ ሜዳ ደግሞ በልግ ሌላ አገልግሎት አለው። ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈጀው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ እርጥበት ነውና ሚያዝያ የከዳው ገበሬ ማሽላውን ትቶ በሐምሌ ጤፍ ወይም ቶሎ የሚደርስ ሌላ ዘር ለመዝራት ይገደዳል። ከማሽላው ጋርም አገዳው ይቀራል፤ አገዳው የከብት መኖ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የጎጆ ክዳንና ግድግዳ ነበር። አንድ ወር ዝናብ ሲያጓድል የሚጎድለው እህል ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ? የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ያቀረበው ሰነድ ካለፉት አምስት አሥርት ዓመታት ልኬት ተነሥቶ የአገሪቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከፍተኛው ሙቀት ደግሞ በ0.1 ዲግሪ ገደማ እያደገ መምጣቱን ያሳያል። ከቀኑ ይልቅ ሌሊቱ እየሞቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት ጥናትም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ማደጉን፣ ለዘመኑ እንግዳ የሆኑ ሞቃት ሌሊቶችም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በዓመት በ137 መብዛታቸውን መዝግቧል። ስለ ዝናቡ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት በአንዳንድ የኢትዮጵያ ክፍሎች የበልጉና የክረምቱ ዝናብ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ከ15 እስከ 20 በመቶ መቀነሱን ገልጿል። የሰሜኑ ደጋ ክረምት ግን ከ1976 ዓ.ም. ክፉ ዓመት በኋላ በመጠኑ አገግሟል። እንግዲህ ነገሩ "ዝናብ ጠፋ" በሚል አንድ ቃል የሚጠቃለል አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አማካይ ቁጥር አንድ ነገር መናገር ይገባል። በአማካይ ዝናብ የሚያርስ አማካይ ገበሬ በዓለም ላይ የለም። በሰኔ መውረድ የሚገባው ውኃ ቀርቶ በነሐሴ በሦስት ቀን ቢወርድ ሰንጠረዡ "ዝናቡ ሞልቷል" ይላል፤ ማሳው ግን በሰኔ ተጠምቶ በነሐሴ ተጠርጓል። የሳይንሱም ትምህርት ይህን ያስረዳል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሞቀ አየር እንደ ሰፋ ስልቻ ነው፤ ሲሞላ ከአፈሩና ከቅጠሉ አብዝቶ ይወስዳል፣ ሲፈስም በአንድ ጊዜ ይዘረግፋል። ስለዚህ ድርቁና ጎርፉ ሁለት ባላንጣዎች ሳይሆኑ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ገበሬውን የሚጎዳውም የዝናቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ከአባቱ የወረሰው ዕውቀት እምነት የሚጣልበት ሳይሆን መቅረቱ ነው። ሰማይ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ዘርፎታል።

አሁን ወደ ኃላፊነቱ እንመለስ። የኃላፊነት ጥያቄ በአገራችን ሦስት ደረጃዎችን አልፏል። የመጀመሪያው ከላይ ያነሣነው ሲሆን ድርቁንም ረሀቡንም ለሰማይ የሚሰጥ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ በወሎ ሕዝብ ዕልቂት የተገዛ ትምህርት ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሀቡ ወሎን ሲፈጅ ባለሥልጣኑ ነገሩን ሸፈነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ግን የተሸፈነው ተገለጠ። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ረሀብ መርምረው በዚያ ዓመት የአገሪቱ የምግብ ምርት ያን ያህል እንዳላሽቆለቆለ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ እንደነበረ አመለከቱ። ሕዝቡ የሞተው እህል ከገበያ ስለጠፋ ሳይሆን አዝመራው የከሸፈበት ገበሬ በምን ይግዛ? ተብሎ ስላልተጠየቀ ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በመረመሩበት መጽሐፋቸው ገበሬውን ለረሀብ ያጋለጠው ሰማዩ ብቻ ሳይሆን በጫንቃው ላይ የተጫነው የኅብረተሰብ ሥርዓት መሆኑን አሳዩ።

ከዚህ የተነሣ "ድርቅ የተፈጥሮ፣ ረሀብ የሰው" የሚል ትምህርት ተወለደ። ትምህርቱ እውነት መሆኑን ዘመናት መስክረውለታል። በመስከረም 1977 የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በመዲናይቱ በታላቅ ድምቀት ሲከበር ሰሜኑ በረሀብ ላይ ነበር፤ በጥቅምትም ከኮረም የወጣው የቢቢሲ ፊልም ዓለምን አስደነገጠ። ሁለት የተለያዩ መንግሥታት፣ የተለያየ መፈክር ይዘው፣ በአንድ ነገር ተመሳሰሉ፤ ሁለቱም ረሀቡን ከሕዝብ ዓይን ሰወሩት። በ2007 ዓ.ም. ግን በልጉም ክረምቱም በብዙ ስፍራ ሲከሽፍ፣ በ2008 ዓ.ም. ዕርዳታ የሚሹት ወገኖች ቁጥር 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ሲነገር፣ እንደ 1977 ዓ.ም. ያለ ዕልቂት አልደረሰም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት፣ የተሠራው መንገድ፣ ቀድሞ የተነገረው ማስጠንቀቂያ በሰማይና በሞት መካከል ቆሙ። ሰማዩ ያው ክፉ ነበር፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ደግሞ እኛ ያለንበት ነው። ይህን ያማረ ክፍፍል፣ ድርቁን ለተፈጥሮ ረሀቡን ለሰው የሚሰጠውን ክፍፍል፣ አዲሱ ዘመን አፈረሰው፤ ድርቁ ራሱ የሰው እጅ አለበትና። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ፣ በእኛም አገር በቦረናና በሶማሌ ምድር፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን በሚል ስም የተሰባሰቡ ሳይንቲስቶች ነገሩን መርምረው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ውጤቱን ገለጡ። ሰው ያመጣው ሙቀት ይህን መሰሉን ድርቅ የመድረስ ዕድሉን ቢያንስ 100 እጥፍ አሳድጎታል። ቁም ነገሩ ደግሞ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ነው፤ ያው የዝናብ ማነስ ቀዝቀዝ ባለው በቀድሞው ዓለም ቢደርስ ኖሮ እንዲህ ያለ ድርቅ ባልሆነ ነበር። ዝናቡ ያጎደለውን እርጥበት ሙቀቱ ጨርሶ መጠጠው።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አደጋ እዚህ ላይ ይጀምራል። አዲሱ ዕውቀት ለአዲስ ማምለጫ ሊውል ይችላል። ትናንት "የእግዜር ቁጣ ነው" ብሎ እጁን ይታጠብ የነበረው ሹም ዛሬ "የአየር ንብረት ለውጥ ነው" ብሎ ሊታጠብ ይችላል። ቃሉ ዘመናዊ ነው፤ ውኃው ግን ያው የጲላጦስ ውኃ ነው። ምርጥ ዘሩ ለምን በሰኔ ሳይሆን በነሐሴ ደረሰ? የወረዳው የምርት ግምት ለምን ከማሳው እውነት ተለየ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎን ሲረግጥ ገበሬው ለምን አዝመራውን ጥሎ ተሰደደ? እነዚህ ጥያቄዎች መልሳቸው በከባቢ አየር ውስጥ አይገኝም።

ሁለተኛው አደጋ ጥፋቱን በተጎጂው ላይ መለጠፍ ነው። ደኑን የጨረሰው፣ ዝናቡን ያባረረው ገበሬው ራሱ ነው የሚል ንግግር በየስብሰባው እንሰማለን። መሬት መራቆቱ፣ አፈር መሸርሸሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከዚያው ስፍራ ከተነሡት ጋር ሲያስተያዩ በብዙው ስፍራ ያገኙት የዛፍ መመናመን ሳይሆን የዛፍ መብዛት ነበር፤ ዛፉንም፣ በተለይ ባሕር ዛፉን፣ የተከለው ገበሬው ነው። ለሕንድ ውቅያኖስና ለሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ተጠያቂው በሁለት በሬ የሚያርሰው የደላንታ ሰው ነው ማለት ከስሕተትም አልፎ ግፍ ነው። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" ይላል ተረቱ፤ ከደጃፉ ሞፈሩ የተቆረጠበትን ሰው "ዛፍህን ለምን አልጠበቅህም?" ብሎ መክሰስ ግን ከተረቱም የባሰ ነው።

እንግዲህ ኃላፊነቱን እንዴት እናከፋፍል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኃላፊነትን እንደ እንጀራ በማየቱ ይመስለኛል። እንጀራ ለብዙ ሰው ሲቆረስ የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ኃላፊነት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ቢሄድና ሕፃን ቢገባበት፣ የሕፃኑን ጩኸት ሰምቶ ያለፈ መንገደኛ "እኔ አልቆፈርኩም" በማለቱ ነጻ አይወጣም፤ ቆፋሪውም "መንገደኛው ማውጣት ይችል ነበር" በማለቱ አይድንም። ሁለቱም ሙሉ ኃላፊነት አለባቸው። የሩቁ ጥፋት የቅርቡን ግዴታ አይቀንስም፤ የቅርቡ ስንፍናም የሩቁን ዕዳ አይሰርዝም።

የሩቁን እንመልከት። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ሲካፈል በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ ለአንድ አሜሪካዊ ሲካፈል 14 ቶን ያህል ነው። አንዱ ቢያንስ የ70 ሰዎችን ጭስ ብቻውን ያጨሳል ማለት ነው። "የቀደመው ትውልድ ይህን ጉዳት አያውቅም ነበርና እንዴት ይጠየቃል?" የሚል መከራከሪያ አለ። በአገራችን የሽምግልና ልማድ ግን ከብቱ በሌሊት በረቱን ጥሶ የጎረቤቱን አዝመራ የበላበት ሰው ሳያውቅ በመተኛቱ ካሳ ከመክፈል አይድንም። አለማወቁ ቂሙን ያበርድለት ይሆናል እንጂ ዕዳውን አይሰርዝለትም። ደግሞም አለማወቅ የሚባለው ነገር ካበቃ ቆይቷል። ዓለም የአየር ንብረትን የተመለከተውን ስምምነት በሪዮ ጉባኤ የፈረመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የሰው ልጅ ከነዳጅ ካወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግማሽ ያህሉ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ነው። ይህ የእንቅልፍ ጥፋት ሳይሆን ነቅቶ፣ ከብቱ አዝመራ ውስጥ መግባቱን እያዩ ዝም የማለት ጥፋት ነው።

ባለዕዳዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በቃላት ላይ አጥብቀው ይጠነቀቃሉ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ አብሮ በተላለፈው ውሳኔ ውስጥ ስለ ጉዳትና ኪሳራ የሚናገረው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ ተጽፏል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በሻርም ኤል ሼክ ለጉዳትና ኪሳራ የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ሲወሰንም "ካሳ" የሚለው ቃል በሩቁ ተይዞ ነበር። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት ግን መንግሥታት አየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸው፣ ይህንም መጣስ እስከ ካሳ ሊያደርስ እንደሚችል አስታወቀ። ጠቡ የቃላት ጠብ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ምጽዋት የሰጪውን ቸርነት ይናገራል፤ ተቀባዩም አመስግኖ ዝቅ ይላል። ካሳ ግን የተበደለውን መብት ይናገራል፤ ተቀባዩም ቀና ብሎ ይቀበላል። አንዱ ኩንታል ስንዴ በሁለቱ ስሞች ሲሰጥ ክብደቱ እኩል ነው፤ የሚያሳድገው ሰው ግን የተለያየ ነው።

የቅርቡ ኃላፊነት ደግሞ በመጀመሪያ የእውነት ኃላፊነት ነው። ሁለቱ ታላላቅ ረሀቦች ያስተማሩን ዋነኛ ነገር ረሀብ በዝምታ ውስጥ እንደሚያድግ ነው። የበልግ ገብስ መክሸፉ በግንቦት እየታየ "አጥጋቢ ምርት ይጠበቃል" ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ እጅ፣ ጉዳቱን ከጎርፍና ከበረዶ አሳንሶ ማየት አይገባም። በረዶ የአንድ ቀበሌ ማሳ ይመታል፤ የሐሰት ሪፖርት ግን የአንድ አውራጃን ዕርዳታ ያስቀራል። የወቅቱ ጠባይ በተለዋወጠ ቁጥር የሪፖርቱ ቀን፣ የዘሩ መድረሻ ቀን፣ የማስጠንቀቂያው ቀን የሥነ ምግባር ጉዳይ ይሆናል። ሰማይ ቀኑን ሲያዛባ ሰው ቀኑን ሊጠብቅ ይገባዋል።

ስለ ኪነ ጥበብ ሰዎችም ድርሻ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን ጉዳይ ወደ መድረክ ሊያወጣ ሲነሣ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ባለጋራው ፊት የለውም። ባላባቱ ፊት ነበረው፤ ጅራፍ ነበረው፣ ወንበር ነበረው። ጢስ ግን በመድረክ ላይ ገብቶ አይናገርም፤ ከሺህ ፋብሪካና ከሚሊዮን መኪና የወጣ፣ ስሙም አድራሻውም የተበተነ ነው። ባለጋራ በሌለበት ድራማ ደግሞ ተመልካች የሚቀረው ከእንባ ጋር ብቻ ነው። የ1977ቱ ፊልም ለዓለም ያሳየው እንዲህ ያለ ስዕል ነበር። ብዙ ሕይወት ማዳኑ አይካድም፤ ነገር ግን በዚያ ስዕል ውስጥ የወሎ ሰው የሚያለቅስ እንጂ የሚያስብ፣ የሚጠብቅ እንጂ የሚወስን አልነበረም። እውነተኛው የወሎ ገበሬ ግን በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ቆሞ የሚወስን ሰው ነው። እርጥበቱ በቂ ነው ብሎ ማሽላውን ይዝራ? ወይስ ዘሩን ይዞ ሐምሌን ይጠብቅ? ከተሳሳተ የሚያጣው ምርቱን ብቻ ሳይሆን የከርሞውን ዘር ነው። የጎታውን ዘር እያየ ልጆቹን በጾም የሚያሳድር አባት ከማንኛውም የጥንት የትራጄዲ ጀግና የሚያንስ ምርጫ አልቀረበለትም። የእኛ ሥራ ይህን ሰው በምርጫው ውስጥ ማሳየት፣ ምርጫውን ያጠበበበትንም ሩቅ እጅ በስሙ መጥራት ነው። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ይባላል፤ የተወጋው እንዳይረሳ መጻፍ፣ የወጋውም እንዳይረሳ ማስታወስ የብዕር ሥራ ነው።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ ዝናብ ሲቀር ተጠያቂው ማን ነው ለሚለው አንድ ጣት የሚያመለክት መልስ የለም። ይህ ማለት ግን ተጠያቂ የለም ማለት አይደለም። ሰማዩን ያሞቀው ለማሞቁ፣ ማስጠንቀቂያውን ያዘገየው ለማዘግየቱ፣ እውነቱን የሸፈነው ለመሸፈኑ፣ አይቶ ዝም ያለው ለዝምታው ይጠየቃል፤ አንዱም ከሌላው በስተጀርባ አይደበቅም። አባቶቻችን ሰማዩ በተቆጣ ጊዜ ሰው ሥራውን ይመርምር ማለታቸው ትክክል ነበር። ያላወቁት የሚመረመረው ሥራ ከማሳቸው ዳርቻ አልፎ፣ ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ ነው። በመጪው የካቲትም የወሎ ገበሬ እንደ ወትሮው ሞፈሩን ጠግኖ፣ ዘሩን ለይቶ ሰማዩን ይጠብቃል። እርሱ ድርሻውን አዘጋጅቷል፤ የሚቀረው የሌሎቻችን ነው።